በአንገት የከረመ ደብዳቤ

የመካነ ሰላም ሰው ሰብሪያን የሚያውቃት በአንገቷ ነበር። በጥቁር ክር የተንጠለጠሉ ሦስት የቆዳ ክታቦች ነበሯት፤ አንዱ ያረጀ፣ አንዱ የወዛ፣ አንዱ ገና የቆዳው ሽታ ያልለቀቀው። ገበያ ስትወጣ፣ ለአረም ስታጎነብስ ሦስቱ እርስ በርስ ይነካካሉ። አንዳንዱ ከሩቅ ሲያያት "ባለ ሦስቱ መጣች" ይል ነበር። እሷ አትቆጣም። ከባሏ የመጣ ነገር ነውና፣ በዚያ ሲጠሯት እንኳ ልቧ ሞቅ ይላል።

ባሏ ከማሉዲን አሰብ ከወረደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የሄደው በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ ሁለቱ በሬዎቹ ባንድ ሳምንት ተከታትለው የሞቱ ጊዜ ነበር። "ወደቡ ጠንካራ ጀርባ አይንቅም አሉ" ብሎ ነው የተነሣው።

"እስከ መቼ ነው?" አለችው፣ ስንቁን እየቋጠረች።

"እስክጽፍልሽ።"

"ማን ሊጽፍልህ? የመንግሥት ትምህርት ቤት በር በየት በኩል እንደሆነ የማታውቅ ሰው!"

ሳቀ። ሲስቅ አንገቱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ከሄደ በኋላ በጣም የናፈቃት ያ አንገት ነው። "እኔው ራሴ ነኛ የምጽፍልሽ" አለ። ቀልድ መሰላት። ከማሉዲን ከልጅነቱ ጀምሮ የሸህ ይማም ደረሳ ነበር፤ ቁርኣን ሲቀራ ኖሯል፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፏል። ግን ያ ለአላህ ቃል ነው። በዚያ እጅ ለሚስት ደብዳቤ ይጻፋል ብሎ ማን ያስባል?

የመጀመሪያው ፖስታ የመጣው በጥር ነው። ሰብሪያ እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፈንታው ሮጠች።

ፈንታው ከገበያው ጫፍ፣ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ የሰው ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ነበር። ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ የወጣ ዲያቆን ነው። ደብዳቤ ሲያነብ እንደ ውዳሴ ያዜመዋል፤ "ለጤናዬ ደህና ነኝ" የሚለውን እንኳ ሲያወርደው የሰማ ሁሉ ዓይኑ ይረጥባል። ከለጋምቦ እስከ ወግዲ ድረስ ልጇ የዘመተባት እናት፣ ወንድሟ የጠፋባት እህት ሁሉ ከፊቱ ተቀምጣ አልቅሳለች።

"ዲያቆን፣ ባሌ ጻፈልኝ!"

"እሰይ! ቁጭ በይ። ይሄ ሰውዬ ከሄደ ወዲህ ፊትሽ የሁዳዴ ሽሮ መስሎ ነበር።" ፖስታውን ከፍ አደረገና ዜማውን ጀመረ። "'ለወይዘሮ ሰብሪያ፣ በቦረና አውራጃ፣ በመካነ ሰላም...' እጁ ያምራል! ማን ጻፈለት?"

ከዚያ ቀደደው። ወረቀቱን ዘረጋ። ዜማው ከጉሮሮው ላይ ቆመ። ወረቀቱን አዞረው፤ ቁልቁል አድርጎ አየው፤ መልሶ አቀናው።

"ምን ይላል?" አለች ሰብሪያ።

ፈንታው ቀና አለ። ዙሪያውን የገበያው ሰው ከቧል። ለአገሩ ሁሉ ያነበበ ሰው "አላውቅም" ማለት ምን ያህል እንደሚከብደው ያልደረሰበት አያውቀውም። ያቺን ቃል ከቅኔ ቤት ከወጣ ወዲህ በአፉ አላዞራትም።

"ይሄማ ደብዳቤ አይደለም" አለ በመጨረሻ። "የእናንተ ነው፤ የቁርኣን ፊደል ነው። ዱዓ ልኮልሻል።"

"ስሜስ የለም?"

"በጸሎት ላይ ስም ምን ያደርጋል? ፈጣሪ እንደሆነ መልክሽን ያውቀዋል።"

"እሺ አድራሻውን ንገረኝ፣ መልስ እንጻፍ።"

ፖስታውን ገለበጠው። "ከጀርባው ምንም የለም። ማኅተሙ አሰብ ይላል። አሰብ ውስጥ ስንት ከማሉዲን አለ መሰለሽ? 'ለከማሉዲን፣ አሰብ' ብለን ብንልክ ደብዳቤው ራሱ ጠፍቶ ፈላጊ ሊላክለት ነው!" ሰው ሳቀ። ፈንታው ግን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞ ይህን ይዘሽ በየቀበሌው አትዙሪ። ዘመኑን ታውቂዋለሽ። የአረብ ጽሑፍ ያየ ካድሬ ከየት መጣ፣ ማን ላከው ይልሻል።"

ቢሆንም ልቧ አላረፈላትም። ሸህ ይማም በዚያ ሰሞን አሟቸው ወግዲ ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል። የቀሩት አዛን የሚሉት ሽማግሌው ሺፋ ናቸው። ሺፋ ቁርኣኑን በቃላቸው ይወጡታል እንጂ የሰው የእጅ ጽሑፍ አያነቡም። ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ አዩ። ከላይ "ቢስሚላህ" ተጽፏል፤ የእሷን ቅርጽ ያውቋታል። ሦስት ጊዜ ሳሙት፤ በግንባራቸው አስነኩት።

"ማሻአላህ! ባልሽ ከወርቅ የሚበልጥ ነገር ላከልሽ። ቃሉን መሬት አታስነኪው፤ በአንገትሽ ያዢው።"

ዲያቆኑ ዱዓ ነው አለ። ሽማግሌው ሳሙት። ሰብሪያ ከዚህ ወዲያ ምን ትበል? ወረቀቱን አራት አጥፋ ለቆዳ ሰፊ ሰጠችው፤ ዙሪያውን ሰፍቶ በክር አንጠለጠለላት። ሁለተኛው በመጣ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው በሰባ አራት ግንቦት ሲመጣ ፈንታው ገልጦ እንኳ አልጨረሰው። "ሦስተኛ ዱዓ!" አለ። "ሰውየው እዚያ ወደብ ላይ ወሊይ ሆኗል መሰለኝ።"

እሷም ከዱዓው ጋር መኖር ለመደች። ማታ እሳቱ ሲዳፈን ክታቦቹን በመዳፏ ይዛ ታወራቸዋለች። ዛሬ ገብሱ አሽቷል ትላለች። የእናትህ እግር ተሽሏት ቆማለች ትላለች። መልስ የለም። ግን ከእሱ የመጣ ዝምታ ከሌላ ሰው ወሬ ይሻላት ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲመጣ ከሰፈሩ ሴት ሁሉ ቀድማ ተመዘገበች፤ አንድ ቀን ከዱዓው አልፎ አንዲት ቃል ቢልክልኝ ማንም መሐል ሳይገባ ላንብባት ብላ ነው። ፊደሉን ለየች፤ ስሟን ጻፈች፤ ስሙንም ከስሟ አጠገብ ጻፈች። አረም ላይ ሲሆኑ ሴቶቹ ይቀበሏት ዘንድ እሷ ታወርዳለች፦

ደመናው ሲጎተት በወግዲ ተራራ፣
ቆላ የወረደን ማን ብሎ ይጣራ።

በሰባ አራት ክረምቱ ከፋ። ዝናቡ ሐምሌን ነሐሴን ጨርሶ ጳጉሜን ገባ፤ ሦስተኛው ክታብ ከስፌቱ ተተረተረ። መስከረም እንደ ጠባ፣ ወግዲ ሁለት ክረምት የከረሙት ሸህ ይማም ተመለሱ ተባለ። ሰብሪያ ክታቡን ይዛ ሄደች፤ ዱዓ አድርገውበት መልሳ ልታሰፋው ነው።

ሸሁ ከደጃቸው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። እጃቸውን ሳመች።

"አብሽሪ ልጄ። የከማሉዲን ሚስት አይደለሽ? እስቲ ወዲህ በይው።"

ሸህ ይማም አንድ ልማድ አላቸው። ውኃ የነካው ክታብ እጃቸው ከገባ ሳያነቡት አይመልሱትም፤ ፊደሉ የፈሰሰ ጸሎት በሰው አንገት መንጠልጠል የለበትም ባይ ናቸው። ቆዳውን በጥንቃቄ ፈለቀቁት። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና ከቀኝ ወደ ግራ እየሄዱ ማነብነብ ጀመሩ። "ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም..." ሰብሪያ መዳፎቿን ዘርግታ አሚን ለማለት ተዘጋጀች።

ሸሁ ቆሙ። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

"ሰብሪያ" አሉ።

"አቤት፣ አባባ።"

"አንቺን አልጠራሁም። እዚህ ነው ያለው።"

 እሳቸው ጣታቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ ቀጠሉ፦ "'ሰብሪያ ሆይ፣ ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩልሽ፤ መልስ የለም።' ያ ረቢ! ይሄ እኮ አማርኛ ነው! አረብኛም አይደለም፣ ቁርኣንም አይደለም፤ አማርኛውን በቁርኣን ፊደል ነው የጻፈው። የድሮ መሻይኾቻችን መንዙማ እንዲህ ነው የሚጽፉት፤ አረብ ጨ የላትም፣ ጸ የላትም፣ ለነዚያ በፊደሉ ላይ ነጥብ እንጨምራለን። ነጥቡን ለባልሽ ያሳየሁት እኔ ነኝ!"

ሰብሪያ አልሰማችም። ስሟን ብቻ ነው የሰማችው። ስሟ ከደረቷ ላይ፣ ከቆዳው ውስጥ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ሲጠራት ኖሯል።

"ያንብቡልኝ" አለች፤ ድምፅዋ የእሷ አልመሰላትም። "ሁሉንም ያንብቡልኝ።" የቀሩትን ሁለቱን ከአንገቷ ፈትታ ስፌቱን በጥርሷ በጠሰችው።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ በሰላም ገብቻለሁ፤ የፖስታውን ጀርባ ጽሑፍ የጻፈልኝ አህመድ የሚባል የራያ ልጅ ነው፤ የውስጡን ግን እንግዳ ሰው በሆዴ እንዳይገባ ራሴ ጻፍኩት። ለሸህ ይማም ስጪያቸው፣ እሳቸው ያነቡልሻል። አድራሻው ይኸው፣ ከቀይ በር ያለው ሰፈር። ሸሁ እዚህ ላይ ሲደርሱ "ለእኔ ስጪ ይላል፤ ግን ይህንንም የሚያነበው እኔ ነኝ!" ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። ሁለተኛው፦ ቤት ተከራይቻለሁ፤ በሬውን ተዪው፣ አንቺ ነይ። ከታች ዘፈን አለበት፦

ይህ ባሕር ሰፊ ነው፣ ውኃውም አይጠጣም፣
ብጠራሽ ብጠራሽ ድምፅሽም አይመጣም።

የሦስተኛው ማለቂያ ላይ ሸሁ ድምፃቸውን ቀነሱ። "'አንቺ ትተሽኝ ይሆናል፤ ብትተዪኝም አልፈርድብሽም። እስከ አረፋ እጠብቅሻለሁ። በአረፋ ቀን ካልመጣሽ፣ ካልጻፍሽም፣ የመን የሚሻገር ሳንቡቅ፣ ባለ ሸራ ጀልባ፣ አለ፤ በእሱ እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲያ ስሜን በቤቴ አትጥሪው።'"

"አረፋ መቼ ነው?" አለች።

ሸሁ በጣታቸው ቆጠሩ። "ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ጨረቃ ትወለዳለች። ከዚያ አሥረኛው ቀን ነው።"

ደብዳቤ ከመካነ ሰላም አሰብ ለመድረስ ወር ይፈጃል። ሰብሪያ ሦስቱን ወረቀት ጡቷ ሥር ከተተችና ቁልቁል ሮጠች።

ፈንታው ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ለአንዲት አሮጊት ያዜማል። ከፊቱ ቆመች።

"ዱዓ አይደለም" አለችው።

አልጠየቃትም። ያን ጊዜ ወረቀቱን ሲያዞረው የነበረው ፊቱ ተመለሰ። ከገበያው ሰው ፊት ተነሥቶ ቆመ። "አላወቅኩትም ነበር" አለ። "አላውቅም ማለት አቅቶኝ ነው። በመስቀሉ ይዤሻለሁ፣ አትርገሚኝ።"

"ለመርገም ጊዜ የለኝም። የይለፍ ማመልከቻ ጻፍልኝ።"

ጻፈላት፤ አብሯትም ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሄደ። ሊቀመንበሩ ማመልከቻውን አየና እሷን አየ። "አሰብ? የአሰብን መንገድ ማን ነገረሽ? ባልሽ ከሁለት ዓመት በኋላ ዛሬ ነው የናፈቀሽ?"

"ናፍቆቴ በማኅተም አይደለም ጓድ ሊቀመንበር፤ ይለፉ ነው በማኅተም።"

ፈንታው ሳል አስመስሎ ሳቁን ዋጠ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም፤ ማኅተም የያዘው ሰው ወግዲ ወርዷል፣ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ አለ። በሦስቱም ቀን ማለዳ ፈንታው ከማኅበሩ ደጅ እየቆመ ጠበቀላት። በነዚያው ቀኖች ሰዉ ሁሉ ማታ ማታ ጨረቃ ፍለጋ አንጋጠጠ። የቦረና ሰማይ ግን በደመና ተከድኗል፤ አንድም ሰው አላየም። ሺፋም "ካልታየች ሠላሳውን ሙሉ" አሉ፤ እንደ ደንቡ። ሰብሪያም ይለፉ እንደ ታተመላት በዚያ ቆጥራ መንገድ ጀመረች።

መኪና የለም፤ ጭቃው ውጦታል። እስከ አቀስታ በእግሯ ሄደች፣ ሁለት ቀን። ውርጩ ከንፈሯን ሰነጠቀው። የመንገድ ጓደኛዋ ይህች ግጥም ነበረች፦

ልቤ ቀድሞኝ ሄዶ ከባሕር ሲያድር፣
እግሬ ጭቃ ያዘው በአቀስታ ምድር።

ከአቀስታ ገብስ በጫነ መኪና ላይ ተሰቅላ፣ እየወረደች እየገፋች፣ ደሴ ገባች። ደሴ ላይ ሁለት ቀን ቆየች፤ ወደ ወደቡ የሚወርዱት መኪኖች በሰልፍ ነው የሚሄዱት። የመስቀል ደመራ በየሰፈሩ ሲቆም ከከተማዋ ወጣች። ሾፌሩ ጠንበለል የሚባል ወሬኛ ነው። "እመቤቴ፣ ነጠላሽን አውልቂ፤ ከባቲ ወዲያ ፀሐይ እንጂ ዘመድ የለም" ይላታል። እሷ አልሰማችውም። ቀኑን በጣቷ ስትቆጥር ነበር። ዛሬ ስምንት። ነገ ዘጠኝ፣ እደርሳለሁ። አረፋ ከነገ ወዲያ ነው። ተመስገን፣ አንድ ቀን ይተርፈኛል። ምን እላለሁ? መጀመሪያ ስሙን ነው የምጠራው።

አሰብ ሲደርሱ ቀትር አልፏል። ሙቀቱ እንደ እጅ ፊቷን ያዛት። ከመኪናው ወርዳ ቀና ስትል ሕፃናቱ አዲስ ልብስ ለብሰዋል። በየደጁ በግ ይገፈፋል። ሰዎች እጅ ለእጅ እየተያያዙ "እንኳን አደረሳችሁ" ይባባላሉ።

አንዲትን ሴት ይዛ አቆመች። "እህቴ፣ ይህ ምንድን ነው? ነገ አይደለም እንዴ አረፋ?"

"ነገ?" አለች ሴትየዋ። "ዛሬ ነው እንጂ! ጨረቃዋን እዚህ ሁላችን ነው ያየናት፤ በባሕሩ ላይ እንደ ማጭድ ወጣች። እናንተ ደጋ ሰማይ የላችሁም?"

ሰብሪያ ቀይ በርን እየጠየቀች ሮጠች። ፖስታውን የጻፈውን አህመድን ከቤቱ ደጅ አገኘችው፤ አጭር፣ ትከሻው የሰፋ፣ ለአረፋ የተላጨ። ማን እንደሆነች ሳትነግረው ቀድሞ ቆመ።

"ሰብሪያ ነሽ" አለ። "ወላሂ! ሰብሪያ ነሽ።"

"የት ነው?"

አህመድ ወደ ባሕሩ አየ። "ከሶላት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። መኪና በመጣ ቁጥር ይነሣ ነበር። የሳንቡቁ አለቃ ነፋሱ መጣ ብሎ ሦስት ጊዜ ላከበት። በሦስተኛው ሄደ። እስከ አረፋ ብዬአለሁ፣ አረፋ ነው አለ። ቀትር ላይ ነው።"

ከባሕሩ ዳር ወሰዳት። ውኃው ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ስፋት አይታ አታውቅም፤ የአገሯ ሸለቆ ሁሉ በአንድ ላይ ቢፈስበት አይሞላውም። ማልቀስ ፈለገች፤ እንባው ግን እዚያ ደጋ፣ ጭቃው መንገድ ላይ የቀረ መሰላት።

"ያ ሳንቡቅ ይመለሳል?" አለች።

"በሃያ ቀን፣ በሃያ አምስት ቀን። ሰው ያደርሳል፣ ዕቃ ይመልሳል።"

"ሌላስ ወደዚያ የሚሻገር የለም?"

"ነገ ማለዳ አንድ አለ። ባለቤቱን አውቀዋለሁ፤ ደብዳቤ ያደርስልሻል። ነይ፣ እኔ ልጻፍልሽ።"

"በምን ፊደል?"

"በአማርኛ ነዋ።"

"አይሆንም" አለች ሰብሪያ። "እሱ የማይችለውን ፊደል ልኬ እኔ የደረሰብኝን ላድርስበት? ቁርኣን የሚያስተምር ሰው አምጣልኝ። አማርኛውን በዚያ የሚጽፍ።"

የተገኙት አንድ የወረባቦ ሸህ ናቸው፤ በበዓል ቀን ከምግብ ላይ የተነሡ። ቀለሙን ነክረው "ምን ልበል ልጄ?" አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ነበር፤ ገብሱ፣ የእናቱ እግር፣ አረሙ፣ ዝናቡ። ሁሉም ከአፏ ጠፋ።

"ዛሬ ነው ያነበብኩት ይበሉት" አለች። "አይደለም፤ ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ነው ያነበብኩት ይበሉ። ዱዓ ነው ብለውኝ በአንገቴ ያዝኩት። አልተውኩህም። አሰብ ነኝ፤ ከቤትህ ነኝ፤ ወደ ደጋ አልመለስም።"

ደብዳቤው በማግሥቱ ማለዳ ተሻገረ። አህመድ የከማሉዲንን ክፍል ከፈተላት፤ ምንጣፉ ሳይጠቀለል ነበር። በዚያው ሳምንት ሰብሪያ ከወረባቦው ሸህ ዘንድ ሄዳ ከሕፃናቱ ኋላ ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት የቀረበ ሴት "አሊፍ፣ ባ" ስትል ሕፃናቱ ይሳሳቃሉ። ሸሁ ይገሥጿቸዋል። እሷ ግን ግድ የላትም። ጠዋት ለወደብ ሠራተኞች ገንፎ ታገነፋለች፣ ከሰዓት ፊደል ትቆጥራለች፣ ማታ ከባሕሩ ዳር ትቆማለች። ሸራ ባየች ቁጥር ትነሣለች፤ የእሱ አይደለም ሲሏት ትቀመጣለች።

ከማሉዲንን ያሻገረው ሳንቡቅ በሃያ ስድስተኛው ቀን ተመለሰ። ከማሉዲን የለበትም። አለቃው ከመቀነቱ ውስጥ በጨው የደረቀ አንድ ወረቀት አወጣ። "ሰውየሽ የመን፣ ሆዴይዳ ወደብ ነው" አለ። "ደብዳቤሽን ሲያነብ መንገድ ላይ ቁጭ አለ። የአገሩ ፖሊስ የመውጫ ወረቀት እስኪሰጠው አይለቀውም።"

አህመድ እጁን ዘረጋ። "አምጪው፤ ሸሁ ዘንድ ልሩጥልሽና ያንብቡልሽ።"

"ተው።"

ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ወረቀቱን ከቀኝ ጀመረችው። ቢስሚላሁን አለፈችው። ቀጥሎ ያለውን በጣቷ ይዛ፣ በከንፈሯ እየለካች፣ አንዱን ፊደል ይዛ ሌላውን እየጣለች፣ እንደገና ከመጀመሪያው እየተነሣች ብዙ ቆየች። ሠራተኞቹ ጆንያቸውን ተሸክመው በአጠገቧ አለፉ፤ ተመልሰውም አለፉ።

"ጠ" አለች። "ጠብ... ጠብቂኝ።"

አህመድ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። "ቀሪውስ? ገጽ ሙሉ እኮ ነው! ሸሁ ባንድ ትንፋሽ ይጨርሱልሽ ነበር።"

"አይንኩብኝ" አለች ሰብሪያ፣ ጣቷን ከሁለተኛው ቃል ላይ ሳታነሣ። "ጠብቂኝ ብሎኝ የለም እንዴ? እሱ እስኪመጣ በቀን አንድ መስመር እያልኩ እጨርሰዋለሁ።"